አባቴ ከፍ ያደረጋት ፒክአፕ

አባቴን በሕይወት ሳለ አንቱ እያልኩ ነው ያደግኩት። ስጽፈው ግን አንቱታው ያርቅብኛል፤ ስለዚህ እዚህ «አለ»፣ «ሄደ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ቤታችን ጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ ቁስቋም በሚያወጣው ዳገት ወገብ ላይ ነበር። አባቴ ሾፌር ነው። ከለውጡ በፊት አንድ ነጋዴ ዘንድ ተቀጥሮ ይነዳ ነበር፤ ሰውየው አገር ጥሎ ሲወጣ አንዲት አሮጌ ፒክአፕ በስሙ አዙሮለት ሄደ። በእሷ የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች የሠሩትን እየጫነ መርካቶ ያደርሳል፤ ሲመለስ ክር ያመጣላቸዋል። ቤንዚን በኩፖን ስለነበር ያለ ሥራ አያስነሳትም። አንዲት ጉዞ ግን አትቀርም ነበር። በየዓመቱ ኅዳር ላይ፣ የቁስቋም ማርያም በዓል ዕለት፣ እናቴን ከጎኑ አስቀምጦ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ያወጣታል። ከተጋቡ ጀምሮ በእግርም በመኪናም እሷ ከዚያ በዓል ቀርታ አታውቅም።

አንድ ክረምት ላይ እናቴ ከቦኖ ውሃ ስትመለስ ጭቃው አዳለጣትና ወደቀች። ወጌሻ መጥቶ አሻት፤ ቆይተን ሐኪም ቤትም ወሰድናት። ዳሌዋ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም። በምርኩዝ ግቢ ውስጥ ትንቀሳቀሳለች፤ ዳገቱን መውጣት ግን ቀረ። በዚያው ክረምት ጎርፉ የሰፈራችንን መንገድ መሃል ለመሃል ሰንጥቆት አረፈ። ድንጋዩ አግጥጦ ወጣ፤ ከእኛ ቤት ከፍ ብሎ ደግሞ ሰፊ ቦይ ተቆፈረ። አባቴ መስከረም ላይ ፒክአፗን ይዞ ሊወጣ ሲሞክር ሆዷ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠና ጎረቤት ተጠርቶ በትከሻ ተነሳች። ከዚያ በኋላ ታች አስፋልቱ ዳር እያቆማት በእግሩ ይመጣ ጀመር።

የጽጌ ጾም በገባ ሰሞን እናቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ምስር እየለቀመች፣ ለማንም ሳትል፣ «ዘንድሮ ቁስቋምን ከዚሁ ሆኜ ነው የምሳለማት» አለች። አባቴ ሰማ። ኮቱን ለበሰና ወጣ። ትንሽ ቆይቼ ስከተለው አስፋልቱ ዳር ካርቶን አንጥፎ ፒክአፗ ሥር ተንጋሎ አገኘሁት።

«ከፍ እናደርጋታለን» አለኝ ከሥር ሆኖ።

«ምኗን፣ አባባ?»

«ወገቧን ነዋ! ከድንጋዩ ካለፈች ማርያም ደጅ ትደርሳለች።»

ያኔ እኔ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። እህቶቼ አግብተው ወጥተዋል፤ ከቤት የቀረሁት እኔ ነኝ። ስለ መኪና የማውቀው ጎማ መንፋት ብቻ ነበር። አባቴ ግን ሌላ ሰው አልፈለገም። ከቅዳሜ ከሰዓት ጀምሮ እስከ እሑድ ምሽት ረዳቱ ሆንኩ።

አዲስ ዕቃ የማይታሰብ ነበር። ምናለሽ ተራ ሄደን ከወዳደቀ ብረት መሃል ስንፈልግ ዋልን። አባቴ የሚሻው ባሌስትራ ነው፤ እንደ ቀስት ጎብጠው የተደራረቡት፣ መኪናዋን የሚሸከሙት ብረቶች ማለት ነው። ከተጣለ የጭነት መኪና ላይ የወጣ አግኝቶ በመዳፉ እየመታ ድምፁን አዳመጠ። «ይሄ ገና ነፍስ አለው» አለ። ብረቱ ለእኛዋ ረዝሞ ስለነበር ሰፈር ያለ ብረት ሠሪ ቆረጠልን። ሐሳቡ ቀላል ነው። ከፊት በእያንዳንዱ ጎን አንድ ባሌስትራ መጨመር፤ ከኋላ ደግሞ በባሌስትራውና ጎማዎቹን በሚሸከመው አክስል መሃል ወፍራም የብረት ቁራጭ ማስገባት። ለምን ከፊትም ቁራጩን አናስገባም ብዬ ስጠይቀው፣ «ፍሬን ስትይዝ ቢንሸራተት መሪው ከእጅህ ይወጣል። እናትህን ነው የምንጭንባት» አለኝ።

ፒክአፗን ሰው ለምነን፣ ሆዷን እያስፋቅን፣ እንደምንም ግቢያችን አስገባናት። ክሪኩ አንድ ብቻ ስለነበር በአንድ በኩል እያነሳን ከሥር ግንድ እናስደግፋለን። ቡሎኖቹ ዝገው አልፈታ ስላሉ ናፍጣ አጠጥተናቸው እስከ ሳምንቱ ተውናቸው። ቤንዚን ስለሌለ እጃችንን የምንታጠበው በአመድ ነበር። አባቴ ብዙ የማያወራ ሰው ነው፤ በእነዚያ የጥቅምት ቅዳሜዎች ግን መኪና ሥር ጎን ለጎን ተኝተን በልጅነቴ ያልነገረኝን ነገረኝ። አሰብ ድረስ ሲነዳ በረሃ ላይ መኪናው እንዴት እንደተበላሸበት፣ እናቴን መጀመሪያ ያያት የት እንደነበር፣ እሷ እንዴት እንዳላየችው። አንዳንዴ ዛሬም ዝገት የበዛበት ብረት ሲሸተኝ የእሱ ድምፅ ይመጣብኛል።

እናቴ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቀች ታየናለች። ቆሎ ታቀብለናለች። አንድ ቀን፣ «አሁን ምን ያህል ከፍ አለች?» ብላ ጠየቀች።

«በፊት ከሥሯ ድመት ነበር የሚያልፈው» አላት አባቴ። «አሁን በግ ያልፋል።»

እናቴ ሳቀች። ሁላችንም ሳቅን። በሩን ከፍቶ «እስኪ ነይ ሞክሪው» ያላት ግን የለም። እሱም አላለም፣ እኔም አላልኩም፣ እሷም አላሰበችውም።

ብረቱ ሁሉ ገብቶ ሲታሰር አባቴ ታች ወርዶ አስፋልት ላይ ሞከራትና ፊቱን አጥቁሮ ተመለሰ። መሪውን ሲለቀው ወደ ግራ ትጎትታለች። ጎማ በዚያን ጊዜ እንደ ልብ አይገኝም፤ እንዲህ ሆና ከሄደች ያለንን ትበላዋለች። ጎማ የሚያስተካክል ማሽን ያለበት ጋራዥ የመንግሥት መኪና ካልሆነ አይቀበልም። አባቴ ሲባጎ ወጥሮ ሊለካ ቢሞክር ሲባጎው መሃሉ ላይ ይረግባል።

አጥራችንን የሚጋራ አንድ የዶርዜ ሸማኔ ነበር፤ የአባቴ ደንበኛም ነው። በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ሲያየን ቆየና ገብቶ የድር ክር ይዞ መጣ። «ይሄ አይረግብም» አለ። ከፒክአፗ ግራና ቀኝ ጡብ ደርድረን፣ ክሩን ከኋላ ጎማ እስከ ፊት ጎማ አልፎ እንዲሄድ ወጠርነው። ሸማኔው አንዱን ጫፍ ይዞ ቁጢጥ አለ፣ እኔ ሌላውን። አባቴ በማስመሪያ ከክሩ እስከ ጎማው ፊት፣ ከክሩ እስከ ጎማው ኋላ ይለካል። የኋላው አክስል በትንሹ ተጣሞ መግባቱ ታወቀ፤ ፈተን አስተካከልነው። ከዚያ የፊት ጎማዎቹን የሚያያይዘውን ዘንግ በጥቂቱ እያዞረ መልሶ ይለካል፣ መልሶ ያዞራል።

«አፍንጫቸው ትንሽ ወደ ውስጥ ይጠጋ» ይላል። «ሲሄዱ ራሳቸው ቀጥ ይላሉ።»

ሲጨርስ አስፋልቱ ላይ ወጣንና መሪውን ለቀቀው። ፒክአፗ ቀጥ ብላ ሄደች። አባቴ ሁለት እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ እየሄደ አየኝ፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አላውቅም።

የበዓሉ ዕለት ሰዉ ነጭ በነጭ ሆኖ ዳገቱን ይወጣል። አባቴ ጢሙን ተላጭቶ፣ የክት ኮቱን ለብሶ ጎህ ሳይቀድ ቤንዚን ሊቀዳላት ፒክአፗን ይዞ ወረደ። ከዚያ የሞተሩን ድምፅ ሰማን። ድንጋዩን አንዱን ባንዱ እየተራመደች፣ ሆዷ ሳይነካ መጥታ በራችን ላይ ቆመች። ጎረቤት እልል አለ። እናቴ አዲስ ነጠላዋን ለብሳ በምርኩዟ እየተደገፈች ወጣች። አባቴ ወርዶ በሩን ከፈተላት።

መቀመጫው እደረቷ ጋ ነበር።

በሩን ያዘች። ደህናውን እግሯን ልታነሳ ስትል የታመመው አልሸከም አለ። የታመመውን ልታስቀድም ሞከረች፤ ከጉልበቷ በላይ አልወጣም። በርጩማ አምጥቼ አስጠጋሁላት። በርጩማው ላይ ስትቆም መንገዱ ዘመም ስለሚል ተንገዳገደችና ያዝኳት። አላፊው ሰው እየቆመ ማየት ጀመረ።

«ነይ ላንሳሽ» አላት አባቴ።

ዙሪያውን አየች። «በሰው ፊት እንደ ጆንያ ልትጭነኝ?» አለችው ቀስ ብላ። ከዚያ ደግሞ ፈገግ ልትል ሞከረች። «ተው በቃ። አንተ ሂድ። ጧፍ አብራልኝ።»

አባቴ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተና ከሰዉ ጋር ተቀላቅሎ በእግሩ ወጣ። ሲመለስ በጠርሙስ ጸበል ይዞላት መጣ። ጠጣች፤ ፊቷን ታበሰች። ስለ ፒክአፗ አንድም ነገር አልተነሳም። ማታ ላይ ብቻዬን ስታገኘኝ፣ «ምንም እንዳትለው» አለችኝ። «ደክሞባታል።»

እሱም ቢሆን ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በሳምንቱ ከበሩ ሥር የብረት መወጣጫ አስበየደ። መወጣጫው ዝቅ ማለት ነበረበት፤ ዝቅ ስላለ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን አንዱ ድንጋይ ቦጭቆ ጣለው። ፒክአፗ ከድንጋይ የምታመልጠው ከፍ ስላለች ነው፤ እናቴን የምትከለክላትም እሱው ነው። አባቴ የተቆለመመውን ብረት አንስቶ አየውና አጥሩ ሥር ወረወረው።

ባሌስትራውን መልሶ ሊያወጣ ያስብ እንደነበር አውቃለሁ። ሳያወጣው ግን ሌላ ፈላጊ መጣ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር በራችን ላይ የቆመችውን ፒክአፕ አይቶ ገባ።

«ጓድ፣ ይቺ መኪና እዚህ ድረስ ትወጣለች እንዴ?»

«ትወጣለች» አለ አባቴ።

«እንግዲያው ለተራራው ልማት ዘመቻ ትፈለጋለች። ችግኝና ድንጋይ ወደ ላይ የሚያደርስልን አጥተን ነበር።»

እምቢ የሚባልበት ዘመን አልነበረም። ቤንዚኑን ቀበሌው ሰጠ፤ አባቴ ጠዋት ወጥቶ ሲመሽ ይገባል። ሰፈሩም ለመደው። ምጥ የያዛት ሴት ስትኖር፣ ዳገቱ ላይ ሰው ሲታመም «ከፍ ያለችውን መኪና ጥሩ» ይባላል። በፍራሽ ላይ እንዳሉ አንስተው ኋላ ያስተኟቸዋል። አባቴ በዚህ ደስ ይለው እንደነበር አልክድም፤ አንዲት ሕፃን መኪናዋ ላይ ተወልዳ እናቷ ስትመርቀው አይኑ እንባ አቅርሮ አይቻለሁ። ቤት ግን እናቴ ብቻዋን ናት። እኔ ቢሮ፣ እሱ ድንጋይ ጭኖ ተራራ ላይ። ጠዋት በረንዳው ላይ ትቼያት ሄጄ ከሰዓትም እዚያው አገኛታለሁ። የሞተሩ ድምፅ በሩቅ ሲመጣ ቀና ትላለች፤ በበራችን አልፎ ወደ ላይ ሲወጣ ደግሞ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

እንዲህ እያልን ዓመት ዞረ። እናቴ ከስታ ነበር። እንደገና ጽጌ ገባ። በዓሉ ሊደርስ ሲል አንድ ቅዳሜ የቀበሌው ሰዎች ሁሉ ለስብሰባ ከተማ ወረዱ። አባቴ ፒክአፗን ግቢ አስገባና፣ «ክሪኩን አምጣ» አለኝ።

«ምን ልንሠራ ነው?»

«እንመልሳታለን።»

«አባባ፣ ቀበሌው ቢጠይቅዎትስ?»

«ይጠይቅ።»

ጨማምረን ያስገባነውን ሁሉ አወጣነው። ቡሎኖቹ አሁን አዲስ ስለነበሩ አላስቸገሩንም። ሸማኔው ጎረቤታችንም ሳይጠራ ክሩን ይዞ መጣ፤ እንደገና ወጠርን፣ ለካን። እናቴ በረንዳው ላይ ነበረች። ሲያልቅ አባቴ ወደ እሷ ሄዶ እጁን ዘረጋላት። በርጩማ አላስፈለጋትም። በሩን ይዛ ጎንበስ ብላ ገባችና ተቀመጠች፤ ከዚያ መውረድ አልፈለገችም። በቆመችው መኪና ውስጥ ብዙ ተቀምጣ ግቢያችንን በመስታወቱ ታይ ነበር።

የበዓሉ ዕለት ሁለቱ ጋቢና፣ እኔ ከኋላ ሆነን ወጣን። የመጀመሪያውን ድንጋይ አባቴ በዘዴ አለፈው። ሁለተኛውን ሆዷን እያስፋቀ። ጎርፉ የቆፈረው ቦይ ጋ ስንደርስ ግን ከዚያ ወዲያ መሄጃ እንደሌለ ሦስታችንም አየን። ዓመቱን ሙሉ በእኛዋ መኪና ሲጋዝ የከረመው ድንጋይ ሌላ ቦታ ሄዷል፤ ቦዩን የደፈነው የለም።

አባቴ ሞተሩን አጠፋ። ያኔ ከላይ ከበሮው ተሰማ። ከባሕር ዛፉ በላይ፣ ንፋሱ ሲያመጣው ጠንከር፣ ሲወስደው ራቅ እያለ። ሰው በግራና በቀኝ ያልፋል፤ እናቴን ሲያዩ ጎንበስ ብለው በመስኮቱ እጇን ይስማሉ። ከኋላ ወረድኩና መንገዱን የማይ መስዬ ወደ ቦዩ ዳር ሄድኩ። ዘወር ስል በመስታወቱ ውስጥ ታዩኝ። አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አድርጓል። እሷ እየተናገረች ነው። ከዚያ እሱ ተናገረ፤ ረጅም ነገር ነው የተናገረው፣ እንደሱ ላለ ሰው። አንዴ እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ ስትስቅ አየኋት። ታቦቱ ዞሮ እልልታው ሲሰማ አባቴ ወርዶ በእሷ በኩል ዞረና፣ ወደ ላይ ፊቷን አዙራ እንድትሳለም ደግፎ አቆማት።

ቀበሌው ለመጠየቅ ብዙ አልቆየም። ሊቀመንበሩ ፒክአፗ ለዘመቻው ጭና ስትወጣ ድንጋዩ ላይ ስትቆምበት ጊዜ አባቴን አስጠራውና «አሻጥር» አለው። በዚያ ዘመን ይህ ቃል ሰው ያስበላ ነበር። «ለሕዝብ አገልግሎት የዋለች መኪና ሆነ ብለህ አበላሸህ።» አባቴ የመለሰውን እዚያ የነበረ ጎረቤት ነገረን። «መኪናዋም የኔ ናት፣ ሚስቴም የኔ ናት» ነው ያለው። ቀበሌ እስር ቤት አስገቡት። እናቴ ስንቁን ራሷ እየቋጠረች ትሰጠኛለች፤ እኔ አደርሳለሁ። የምትልክለት ቃል ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «እኔ ደህና ነኝ በለው።» የእሱም መልስ ያው ነበር። ሁለቱም ደህና አልነበሩም።

የለቀቁት መኪናዋን ወደነበረችበት ሊመልስ ፈርሞ ነው። ሰውነቱ አልቆ፣ ሳል ይዞት ነበር። ባሌስትራውን መልሰን ስናስገባ እንደ በፊቱ አላወራም። ሁሉም ታስሮ ሲያልቅ፣ «ክሩን ላምጣ?» አልኩት።

«ተወው» አለኝ። «ለእነሱ ቀጥ ብላ ብትሄድ ባትሄድ ምን ገዶኝ።»

በሥራው እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም። ፒክአፗ ወደ ግራ እየጎተተች ድንጋይ ተሸከመች፤ ጎማዎቿን በላቻቸው፤ መተኪያ ጠፋ። ክረምቱ ሳይገባ ግቢያችን ውስጥ በግንድ ላይ ተቀመጠች፤ ቀበሌውም ረሳት።

እናቴ በዚያው ክረምት፣ ነሐሴ ላይ አረፈች። ወንዶቹ እየተፈራረቁ በትከሻቸው ተሸክመው በዝናብ ዳገቱን አወጧት። ቦዩ ጋ ሲደርሱ ወርደው፣ እየተጋገዙ ተሻገሩ። አባቴ ምርኩዟን ይዞ ከኋላ ይከተል ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ፤ መንግሥትም ሲለወጥ አየ። በየኅዳሩ በዓል በእግሩ ይወጣል፤ መኪና ስናመጣለት እምቢ ይላል። ፒክአፗን ብረታ ብረት ለሚገዙ ሰዎች ሰጣት። የዚያን ዓመት ነገር አንስቶ አያውቅም፤ አንድ ቀን ብቻ፣ በመጨረሻ ሕመሙ ላይ፣ አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ሳለ ድንገት ጠየቀኝ።

«ያን ዕለት ወርደህ ምን ስታይ ነበር?»

የቱን ዕለት እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። «ቦዩን» አልኩት።

«ቦዩን» አለ፤ ፈገግ አለ። «ጥሩ አደረግህ።»

ምን ተባብላችሁ ነበር ማለት የምችለው ያኔ ነበር። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ደክሞታል፣ ነገ እጠይቀዋለሁ ብዬ ብርድ ልብሱን አስተካከልኩለት። በማግስቱ መናገር አቃተው። ዛሬ በዕድሜ እሱ ያን ጊዜ ከነበረበት አልፌያለሁ፤ የዚያን ዕለት ወሬያቸውን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም።